ሁለተኛው ቤት

እኔ ነኝ የቀየስኩት፣ ገመዱን የያዝኩት፣
ከታቦር ግርጌ ላይ ችካል የተከልኩት።
ያኔ ሣር ነበረ፣ ጅብ ነበረ ማታ፤
በወረቀት ጻፍኩኝ፦ አንድ ቤት፣ አንድ ቦታ።
ሁለት መቶ ሃምሳ ካሬ ለየአንዳንዱ፣
አባት፣ እናት፣ ልጆች፣ አንድ ዛፍ፣ መንገዱ።
ንጹሕ ነበር ሥዕሉ። ማኅተም መታንበት።
ሁሉን ለካንና ሰውን ዘለልንበት።

ስብሰባ ተጠራ ባለፈው ቅዳሜ፤
ከኋላ ቁጭ አልኩኝ ምርኩዜን አጋድሜ።
አጀንዳው ይኼ ነው፦ ከዋናው ቤት ኋላ
ይፈቀድ ወይ ሰርቪስ፣ ለተከራይ፣ ለሌላ?
ከጣራው ላይ አባ ኮዳ ሲራመድ ይሰማል፤
እንደ ባለ ይዞታ ቆርቆሮውን ይረግጣል።

በራሳ ተነሣ፣ የግንብ ጎረቤቴ፣
የኮቱን ቁልፍ ይዞ፦ «እኔ በገዛ ቤቴ
በፒጃማ መውጣት ፈራሁ፤ መስኮት ያየኛል፤
የሰው ሬዲዮ በሌሊት ይቀሰቅሰኛል።
ውኃው በሳምንት ሁለቴ፤ ሲመጣም ጠብ ጠብ ነው፤
ሴፕቲኩ የስድስት ሰው፣ ዛሬ የአሥራ ሁለት ነው።
አቮካዶዬ ደርቋል፤ ጥላ ወድቆበታል።
ከተማ ልክ አለው! ልኩን ሲያልፍ ይሸታል!»

አጨበጨቡለት። እኔም እጄን መታሁ።
እውነት ነው፤ ሽታውን እኔም አሽትቻለሁ።

ከበሩ ሥር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች፤
«ባለ ይዞታ ነሽ?» ተባለች። ዝም አለች።
ዳመነች ናት፣ ተከራዬ። ቦዲቲ ነው አገሯ፤
ሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ ኮሌታ ነው ተግባሯ።
ሦስት ናቸው ለአንድ ክፍል፣ ፍራሹ ግን አንድ፤
አንዷ ስትገባ ሌላዋ ስትሄድ፣
የአንዷን ሙቀት ሌላዋ ትለብሳለች፤
ያቺ ፍራሽ ከመስከረም ወዲህ አልበረደች።
ይፍረስ ከተባለስ የት ይሂዱ? ዳቶ ማዶ?
በባጃጅ ብቻ ያልቃል ደሞዛቸው ነዶ።

ጻድቅ ግን አይደለሁ። ከፋሲካ ማግሥት
አምስት መቶ ጨመርኩ፣ ሳልሰጥ አንድ ምክንያት።
ጡረታዬን ጤፍ በላው፣ የተረፈውን መድኃኒት፤
ኪራያቸው ባይኖር እኔም እከራይ ነበር ቤት።

ኃላፊው ወጣት ነው፤ ወደኔ ዞረና
«ጋሽ ላምቤቦ» አለኝ፣ «እርስዎ ነዎትና
ፕላኑን የሠሩት፣ ሐሳብዎን ይስጡኝ።»
ምርኩዜ ወደቀ፤ አንሥተው ሰጡኝ።
‹አንድ ስንኝ ብቻውን መቼ ይመታል ቤት?›
ልል ስል አነቀኝ፣ እንደ ዓሣ አጥንት።

አንድ ነገር አለ፣ በራሳ የማያውቀው፣
ማታ ማታ መጥቶ እኔን የሚያስጨንቀው፦
የቅንጭቡ አጥር ደርቆ ግንቡ ሲቆም
እሱ ለቅሶ ሄዶ ነበር፣ ይርጋለም።
ገመዱን ማን ያዘ? ያው የለመደው እጅ።
አንድ ክንድ ገፋሁት። ለልጄ ነበር፣ ለልጅ፣
ክፍሉ እንዲሰፋለት። ልጁም አልኖረበት፤
ሞያሌ አገባ፤ እዚያው ሠራ ቤት።
ያ የድሮ ችካል፣ ቁጥሩ ያልጠፋበት፣
ከክፍሉ ውስጥ ቀረ፤ ጀሪካን ቆመበት።

«ይፈቀድ» አልኩ ኋላ፣ «ግን ሴፕቲኩ ይስፋ፤
መስኮቱ ወደ ግቢ ይዙር፤ ልኩም አይጥፋ።
ደግሞ እንደገና ቦታው ሁሉ ይለካ፤
ከኔ ይጀመር።» ድምፄ አልተሰማም ለካ፣
«ከማን?» አለኝ ልጁ። «ከኔ» አልኩት ደግሜ።
በራሳ ዞሮ አየኝ። ቁጭ አልኩኝ ደክሜ።

ሰኞ ይመጣሉ ባለ ሜትሮች፣ ጠዋት።
ማታ ጓሮ ሄጄ በሩን አንኳኳሁት።
ዳመነች ከፈተች፣ ክር ጣቷ ላይ።
«ጀሪካኑን» አልኳት፣ «አንሺልኝ እስቲ፤ ልይ።»
ጎንበስ ብዬ አነበብኩ፦ አርባ ሰባት ይላል።
ፍራሹ ላይ አንዷ ተኝታለች። ክፍሉ ይሞቃል።